ፕሮግራሙ ሲከፈት ምን ይምጣ? የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ማስጀመሪያ ምርጫዎች ሲነጻጸሩ

አንዲት ዘማሪ ከእናቷ ጋር ለቀረጻ መጥታ ነበር። ሻይ ተቀዳ፣ ማይክሮፎኑ ተሰካ፣ ኮምፒውተሩ ተከፈተ። የማቀናበሪያ ፕሮግራሙን ስከፍተው ትናንት ማታ የዘጋሁትን ሥራ ሳልጠይቀው ፊቴ ላይ አመጣው። እኔም ስፒከሮቹ መሥራታቸውን ለማየት ብዬ የማጫወቻ ቁልፉን ነካሁ፤ ገና ያልወጣ፣ ባለቤቱ «ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ» ብሎ አደራ ያለኝ የሠርግ ዘፈን ቤቱን ሞላው። እናትየዋ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ይኼ ደግሞ የማን ነው? ደስ ይላል» አሉ። ምን ብዬ ልመልስ?

ጥፋቱን በፕሮግራሙ ላይ ማላከክ አልችልም። ከዓመታት በፊት አንድ ሥራ ብቻ ይዤ ወራት ስከርም፣ «ስትከፈት የመጨረሻውን ፕሮጀክት ክፈት» የሚለውን ምርጫ ራሴ አድርጌው ነበር። ያኔ ልክ ነበርኩ። ቆይቶ ሥራዬ ተለወጠ፣ ሰው መቅዳት ጀመርኩ፤ ምርጫው ግን ባለበት ተረሳ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ «የትኛው ፕሮግራም ይበልጣል» በሚለው ማብቂያ የሌለው ክርክር ውስጥ አይገባም። የሚያነጻጽረው ማንኛውም የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ሲከፈት ሊያደርጋቸው የሚችላቸውን አራት ነገሮች ነው፦ የመጨረሻውን ፕሮጀክት መክፈት፣ ባዶ ፕሮጀክት መክፈት፣ አስቀድሞ በተዘጋጀ መነሻ (ቴምፕሌት) መጀመር፣ ወይም ምንም ሳይከፍት «ምን ልክፈት?» ብሎ መጠየቅ። አንድ የቃል ጉዳይ አለ። ስልክና ኮምፒውተር ላይ «ሴቲንግስ» የሚባለውን ብዙዎች በአማርኛ «ቅንብር» ይሉታል። በእኛ ሙያ ግን ቅንብር ሌላ ነገር ስለሆነ፣ እዚህ «ማስተካከያ» እያልኩ እሄዳለሁ።

## በምን እንመዝናቸው

ብዙ ሰው የሚያየው ፕሮግራሙ በስንት ሰከንድ እንደሚከፈት ብቻ ነው። እኔ የምለካው ሌላ ነው፤ ምልክቱን ከተጫንኩበት ጊዜ አንስቶ የመጀመሪያው ድምፅ እስኪቀረጽ ስንት ደቂቃ ያልፋል? ባዶ ፕሮጀክት በቅጽበት ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ግን ትራክ (አንድ ድምፅ የሚቀረጽበት ረድፍ) መጨመር፣ ስም መስጠት፣ ማይክሮፎኑ የገባበትን መስመር መምረጥ፣ የሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን ድምፅ) ፍጥነት ማስተካከል አለ። ድምፃዊው ቆሞ በሚጠብቅበት ሰዓት አምስት ደቂቃ ረጅም ነው።

ሁለተኛው መስፈርት የቀድሞ ሥራ ደኅንነት ነው። ምርጫው በአንዱ ሥራ ላይ ሌላ ሥራ ደርቤ እንዳስቀምጥ ያመቻቻል ወይስ ይከላከላል? ሦስተኛው አደራ ነው፤ የሰው ያልወጣ ሥራ በሌላ ሰው ፊት ይገለጣል ወይ? አራተኛው የኮምፒውተሩ አቅም፣ በተለይ የማስታወሻው (ራም) መጠን አነስተኛ ለሆነ ላፕቶፕ። አምስተኛው ከችግር መነሣት ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ወይም አንድ የተበላሸ ፕለጊን (ፕሮግራሙ ላይ የሚታከል ትንሽ ሶፍትዌር) ፕሮግራሙን ድርግም አድርጎ ሲዘጋው፣ በቀላሉ ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል ወይ?

አምስቱ እኩል ክብደት የላቸውም። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ሦስተኛው ዋጋ የለውም፤ በቀን ሦስት ደንበኛ ለሚቀበል ስቱዲዮ ግን ከሁሉም ይቀድማል።

## የመጨረሻውን ፕሮጀክት መክፈት

ይህ ምርጫ የሚወደደው ምቹ ስለሆነ ነው። አልበም ይዞ ወይም የአንድ ፊልም ሙዚቃ ጀምሮ ለሳምንታት እዚያው ላይ ለሚውል ሰው፣ ፕሮግራሙን መክፈት ማለት ትናንት ያቆመበት ቦታ ላይ መቀመጥ ማለት ነው። ፋይል ፍለጋ የለም፣ ማውጫ ማገላበጥ የለም። በመጀመሪያው መስፈርት አንደኛ ይወጣል።

በአብዛኞቹ ሌሎች ግን ይወድቃል። ከሁሉ የከፋው አወዳደቁ ደግሞ ዝም ብሎ መሆኑ ነው። ትናንት የአንዱን መዝሙር ሠርተው ዘግተዋል እንበል። ዛሬ ሌላ ዘማሪ መጣ። የትናንቱ ፕሮጀክት ተከፍቷል፤ ትራኮቹ ተሰይመዋል፣ ማይክሮፎኑ ተመርጧል፣ ሪቨርቡ (የማስተጋባት ድምፁ) ተስተካክሏል። «አዲስ ከምጀምር የትናንቱን ድምፅ ላጥፋና በዚሁ ልቅዳ» የሚል ፈተና ይመጣል። ያጠፋሉ፣ ይቀዳሉ፣ ከልማድ የተነሣም ጣትዎ ኮንትሮልና ኤስ ላይ ያርፋል። የትናንቱ ሰው መዝሙር በዛሬው ሰው ፋይል ተተካ። የተቀረጸው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በማውጫው ውስጥ ይገኛል፤ ቅንብሩ፣ የድምፅ ሚዛኑ፣ የሰዓታት ሥራው ግን ሄዷል።

ሁለተኛው ጣጣ የሚመጣው ፕሮጀክቱ ራሱ ሲታመም ነው። በመጨረሻው ፕሮጀክት ውስጥ ያለ አንድ ፕለጊን ሲጫን ፕሮግራሙን የሚዘጋው ከሆነ፣ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ያንኑ ፕሮጀክት ይጠራል፣ ያንኑ ፕለጊን ይጭናል፣ ይዘጋል። መክፈት፣ መዘጋት፣ መክፈት፣ መዘጋት። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፤ የማስተካከያ ፋይሎቹ ብዙውን ጊዜ አብረው ስለማይጠፉ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። መውጫ መንገዶች አሉ፤ በየፕሮግራሙ ይለያያሉ። በዊንዶውስ ላይ ሪፐር ሲጫን በስታርት ሜኑ ውስጥ በአዲስ ፕሮጀክት የሚጀምር የተለየ አቋራጭ ያስቀምጣል፤ ፕሮጀክት በሚከፈትበት መስኮት ላይም ፕለጊኖቹን ሳያስነሣ የሚከፍት ምርጫ አለው። ኪዩቤዝ ሲነሣ ኮንትሮል፣ አልት እና ሺፍትን አንድ ላይ ተጭነው ቢይዙ ማስተካከያዎቹንና የሌላ ድርጅት ፕለጊኖችን ትቶ እንዲጀምር የሚያስችል መስኮት ይመጣል። ሎጂክ ላይ ደግሞ ኮንትሮልን ይዞ መክፈት የድምፅ ሞተሩን ሳያስነሡ ፕሮጀክቱን ለማየት ያስችላል።

ይህን ምርጫ ለመተው ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው፦ ጥቅሙን ያለ እሱም ማግኘት ይቻላል። የፕሮጀክት ፋይሉን ከማውጫው ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠቅ ካደረጉት ፕሮግራሙ ያንኑ ይዞ ይከፈታል፤ ማስጀመሪያው ላይ የተመረጠው ምንም ይሁን ምን። አሁን የያዙትን ሥራ አቋራጭ በዴስክቶፕ ላይ ያስቀምጡና ጨርሱ።

## ባዶ ፕሮጀክት

ስለዚህ ብዙ የሚባል የለም። ቀላል ነው፣ ማንንም አያጋልጥም፣ በማንም ሥራ ላይ አይደርብም፣ ደካማ ኮምፒውተርም ሳይቸገር ይከፍተዋል። ችግር ሲፈጠር ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው ወይስ የፕሮጀክቱ የሚለውን ለመለየትም ጥሩ ነው። ገና የሚማር ሰው ደግሞ እያንዳንዱን ትራክ በእጁ እየጨመረ ቢጀምር ፕሮግራሙን ቶሎ ያውቀዋል፤ ለሁለትና ለሦስት ወር እመክረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያንኑ ሥራ በየቀኑ መድገም ጊዜ ማባከን ነው።

## ቴምፕሌት

ቴምፕሌት ማለት ትራኮቹ፣ ስሞቹ፣ መስመሮቹና መሠረታዊ ማጣሪያዎቹ ተዘጋጅተው ድምፅ ያልተቀረጸበት ፕሮጀክት ነው። ሲከፈት ስም የለውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስቀምጡት «ምን ልበለው? የት ላድርገው?» ይላል። ጥቅሙ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ደንበኛ በአዲስ ስም ይጀምራል።

የእኔን ቴምፕሌት ልግለጠው፤ ቀላል ነው። አንደኛው ትራክ «ድምፅ» ይባላል፤ የሳውንድ ካርዱ (ማይክሮፎን የሚሰካበት የድምፅ መሣሪያ) የመጀመሪያ መግቢያ ተመርጦለታል፣ ለመቅዳትም ዝግጁ ነው። ሁለተኛው «አጃቢ» ነው። ሦስተኛው «ክራር ወይም ማሲንቆ» ይላል፤ ከሁለተኛው መግቢያ ይቀበላል። አራተኛው ኪቦርዱ ነው፤ ያለው አንድ ቀላል የፒያኖ ድምፅ ብቻ ነው። አምስተኛው «ናሙና» የሚል ነው፤ ድምፃዊው በስልኩ ይዞት የሚመጣውን የዜማ ቅጂ የማስቀምጥበት። ከታች ደግሞ ድምፃቸው የተዘጋ አራት አጫጭር የሚዲ ክሊፖች (ኖታ ብቻ የያዙ ቁርጥራጮች) አሉ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺሆዬና አምባሰል፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ወጥተው የሚወርዱ። ድምፃዊው ቅኝቱን እንዲይዝ የሚፈለገውን ከፍቼ አሰማዋለሁ። ይህ ትንሽ ነገር ከገዛኋቸው ፕለጊኖች ሁሉ በላይ ጠቅሞኛል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ፕሮግራሞቹ ከፋብሪካ ሲመጡ ምታቸው አራት በአራት ነው፤ ፍጥነታቸውም በአብዛኛው 120 ነው። ችክችካ ግን ስድስት በስምንት ነው። ምቱን ወደ ስድስት በስምንት ቀይረው ፍጥነቱን ባለበት ቢተዉት ሜትሮኖሙ ከዘፈኑ ጋር አይገጥምም፤ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ፍጥነትን የሚቆጥሩት በሩብ ኖታ ስለሆነ። በችክችካ እግር የሚመታው ግን በሩብ ተኩል ነው፤ በአንድ ባር ሁለት ጊዜ። ስለዚህ እግር በደቂቃ 110 ጊዜ የሚመታበትን ዘፈን ፕሮግራሙ ላይ 165 ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ 110 በአንድ ተኩል ሲባዛ ማለት ነው። ይህን ስሌት በየቀኑ ከማሰብ አንድ ጊዜ ሠርቶ «ችክችካ» የሚል ቴምፕሌት ማስቀመጥ ይሻላል። አራት በአራት ለሆኑት ሌላ ይኑርዎት።

የቴምፕሌት አደጋው ስግብግብነት ነው። «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» እየተባለ የቫዮሊን፣ የነሐስ፣ የከበሮ የድምፅ ክምችቶች ይጨመሩበታል። እያንዳንዳቸው በጊጋባይት የሚቆጠር ፋይል ወደ ማስታወሻ ይጭናሉ፤ ስምንት ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው ላፕቶፕ ገና ሥራ ሳይጀመር ይተነፍሳል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ባለፉት አሥር ሥራዎች ውስጥ ሰባት ጊዜ ያልተጠቀሙበት ነገር ከቴምፕሌቱ ይውጣ።

ሁለተኛው አደጋ የሐሰት ቴምፕሌት ነው። አንዳንዱ ሰው አንድ ተራ ፕሮጀክት «ቴምፕሌት» ብሎ ሰይሞ ያስቀምጥና በየጊዜው ይከፍተዋል። ፕሮግራሙ ተራ ፋይል መሆኑን ስለሚያውቅ ሲቀመጥ ስም አይጠይቅም፤ አንድ ቀን የደንበኛ ሥራ እዚያው ላይ ይቀመጥና ቴምፕሌቱ ይበላሻል። ሁልጊዜ ፕሮግራሙ ራሱ ባዘጋጀው የቴምፕሌት ማስቀመጫ ትእዛዝ ይጠቀሙ።

ሦስተኛው፣ ስም ያልተሰጠው ፕሮጀክት ላይ መቅዳት ነው። ቴምፕሌቱ ሲከፈት ሁሉም ዝግጁ ስለሆነ ወዲያው መቅዳት ያስጎመጃል፤ የተቀረጸው ድምፅ ግን የፕሮጀክቱ ማውጫ ገና ስላልተፈጠረ ፕሮግራሙ በመረጠው ጠቅላላ ወይም ጊዜያዊ ማውጫ ውስጥ ይገባል። በዚህ መሃል መብራት ከጠፋ ፍለጋው ያስለቅሳል። ሪፐር ላይ ለዚህ መድኃኒት አለ፤ በማስተካከያው የ«ፕሮጀክት» ገጽ ላይ አዲስ ፕሮጀክት ሲፈጠር ወዲያው እንዲቀመጥ የሚጠይቅ ምርጫ ይገኛል። ምልክት ያድርጉበት።

## የሚጠይቅ መስኮት

ፕሮግራሙ ሲከፈት የቅርብ ሥራዎችን፣ ቴምፕሌቶችንና ባዶ ፕሮጀክትን ደርድሮ ያቀርባል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለትና ሦስት ባለሙያ የሚፈራረቅ ከሆነ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው፤ የአንዱ ምቾት የሌላው ወጥመድ አይሆንም። አንድ ተጨማሪ ጠቅታ ያስከፍላል፣ ያ ብቻ።

ግን አደራን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም። የቅርብ ሥራዎች ዝርዝር ስም ያሳያል። ፋይሉን በድምፃዊው ስምና በዘፈኑ ርዕስ የሚሰይሙ ከሆነ፣ ጎንዎ የተቀመጠው ደንበኛ ከማን ጋር ምን እየሠሩ እንደሆነ ያነባል። እኔ ፋይሎቼን በቀንና በተራ ቁጥር መሰየም የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

## በአጭሩ ሲታይ

| መስፈርት | የመጨረሻው ፕሮጀክት | ባዶ | ቴምፕሌት | የሚጠይቅ መስኮት |
|---|---|---|---|---|
| እስከ መጀመሪያው ቀረጻ ያለው ጊዜ | ለነባር ሥራ በጣም አጭር፣ ለአዲስ ሥራ አሳሳች | ረጅም | አጭር | መካከለኛ |
| በሥራ ላይ ሥራ የመደረብ አደጋ | ከፍተኛ | የለም | በትክክል ከተቀመጠ የለም | ዝቅተኛ |
| የሰው አደራ | ይጋለጣል | አይጋለጥም | አይጋለጥም | ስሞች ይታያሉ |
| ለደካማ ኮምፒውተር | እንደ ፕሮጀክቱ ክብደት | በጣም ተስማሚ | ቀላል ከሆነ ተስማሚ | በጣም ተስማሚ |
| ከብልሽት መነሣት | አስቸጋሪ | ቀላል | ቀላል | ቀላል |

## በየፕሮግራሙ የት ይገኛል

ሁሉም ፕሮግራም አራቱንም አይሰጥም። በዚህ ረገድ በጣም ለጋሶቹ ሪፐር፣ ሎጂክና ኪዩቤዝ ናቸው።

ሪፐር ላይ ኮንትሮልና ፒ ሲጫኑ ማስተካከያው ይከፈታል፤ «ጄኔራል» በሚለው ገጽ ላይ ሲጀምር ምን ፕሮጀክት እንደሚከፈት የሚመረጥበት ዝርዝር አለ። የመጨረሻው ፕሮጀክት፣ ተከፍተው የነበሩት የፕሮጀክት ትሮች (ታቦች) ሁሉ፣ አዲስ ፕሮጀክት፣ ቴምፕሌቱን ትቶ ባዶ የሚከፍት አዲስ ፕሮጀክት፣ ወይም መጠየቅ። ቴምፕሌት የሚፈልግ «አዲስ ፕሮጀክት» የሚለውን ይመርጥና የትኛው ፋይል ቴምፕሌት እንደሚሆን በ«ፕሮጀክት» ገጽ ላይ ያመለክታል። ሁለት ቦታ መሆኑ ሰውን ያደናግራል፤ አንዱን አድርጎ ሌላውን የረሳ ብዙ ነው።

ሎጂክ ላይ «ጄኔራል» ውስጥ «ፕሮጀክት ሃንድሊንግ» የሚል ክፍል አለ፤ «ስታርትአፕ አክሽን» የሚለው ዝርዝር ምንም አለማድረግን፣ የቅርቡን መክፈትን፣ ባዶን፣ የተመረጠ ቴምፕሌትን እና መጠየቅን ይዟል። ኪዩቤዝም በማስተካከያው «ጄኔራል» ገጽ ላይ «ኦን ስታርትአፕ» የሚል ተመሳሳይ ዝርዝር አለው፤ የመጠየቂያ መስኮቱ «ሃብ» ይባላል።

ኤብልተን ላይቭ ሌላ መንገድ ይከተላል። የመጨረሻውን ሥራ በራሱ አይከፍትም፤ ሁልጊዜ የሚጀምረው መነሻ ተብሎ በተቀመጠው ፕሮጀክት ነው። የራስዎን መነሻ ለማድረግ በአዳዲሶቹ ቅጂዎች በፋይል ሜኑ ውስጥ «ሴቭ ላይቭ ሴት አዝ ዲፎልት ሴት» የሚለውን መጫን ይበቃል። በእኔ ግምት የላይቭ ሠሪዎች እዚህ ላይ ለተጠቃሚው አስበውለታል፤ የሚያስጨንቅ ምርጫ ባይሰጡም ከአደጋው ጠብቀውታል። ላይቭ በድንገት ቢዘጋም በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ያልተቀመጠውን ሥራ ላምጣው ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ኤፍኤል ስቱዲዮ ከመጀመሪያው በቴምፕሌት የሚያምን ፕሮግራም ነው፤ በፋይል ሜኑ ውስጥ «ኒው ፍሮም ቴምፕሌት» የሚል ሙሉ ዝርዝር አለው። የሙከራ ቅጂውን የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ፕሮጀክት ማስቀመጥ ይቻላል፣ ያስቀመጡትን መልሶ መክፈት ግን ፈቃዱ እስኪገዛ አይቻልም። ስለዚህ ሥራዎን በአንድ ቁጭታ ጨርሰው ድምፁን ማውጣት ነው ያለብዎት። ፕሮ ቱልስ ሲከፈት ዳሽቦርድ የሚባል መስኮት ያሳያል፤ አዲስ ሥራ ሲጀመርም ገና ከመነሻው ስምና ቦታ ይጠይቃል። ጀማሪዎች ይሰለቹታል፤ ፋይል ጠፍቶባቸው የሚያውቁ ግን አያማርሩም። የአፕል ጋራዥባንድ ነፃና ቀላል ነው፤ ሆኖም የቅርቡን ፕሮጀክት በራሱ የመክፈት ልማድ ስላለው የሰው ሥራ የሚቀዱበት ከሆነ ሲጨርሱ ፕሮጀክቱን ዘግተው ይውጡ።

## አብረው የሚነሡ ሁለት ነገሮች

የመጀመሪያው ሳውንድ ካርዱ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ሳውንድ ካርዱ ካልተሰካ፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ወደ ላፕቶፑ ድምፅ ይዛወራል፣ ሌላው ሞተሩን ያጠፋል። ቅደም ተከተሉን ይልመዱ፦ መጀመሪያ ሳውንድ ካርድ፣ ቀጥሎ ፕሮግራም፣ በመጨረሻ ስፒከር። በፕሮ ቱልስ ሲነሣ ኤን የሚለውን ፊደል ተጭኖ መያዝ የድምፅ መሣሪያውን ለመምረጥ ያስችላል። በፈር የሚባለው ቁጥር (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የድምፅ ናሙና ብዛት) ደግሞ ከቀረጻና ከሚክሲንግ (ድምፆችን ከማመጣጠን) ጋር መለዋወጥ አለበት፤ በ48 ሺህ ሳምፕል ሬት (በሰከንድ የሚወሰድ የድምፅ ናሙና ብዛት) 128 ማለት 2.7 ሚሊሰከንድ ያህል መዘግየት ነው፣ ድምፃዊው አይሰማውም። 1024 ሲሆን 21 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፤ ድምፃዊው የራሱን ድምፅ ዘግይቶ እየሰማ ይሰናከላል። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ከሳውንድ ካርዱ ጋር ስለሆነ ቴምፕሌቱ አያስታውስልዎትም። ትናንት ለሚክሲንግ ከፍ ያደረጉት ዛሬ ጠዋትም ከፍ እንዳለ ነው።

ሳምፕል ሬቱም እንዲሁ ይታይ። ዋሽንግተን ያለ ጓደኛዎ በ44.1 ሺህ የቀዳውን ድምፅ ልኮልዎት፣ የእርስዎ መሣሪያ 48 ሺህ ላይ ሆኖ ፕሮግራሙ ልዩነቱን ሳያስተካክለው ቢያጫውተው፣ አራት ደቂቃ የነበረው ዘፈን በሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ያልቃል፤ ድምፁም ከአንድ ሰሚቶን በላይ ይቀጥናል። «ይህ ልጅ መቼ ነው ድምፁ እንዲህ የሆነው?» ያሰኛል። በሪፐር፣ በሎጂክና በኪዩቤዝ ሳምፕል ሬቱን ከፕሮጀክቱ ጋር ማስቀመጥ ስለሚቻል ቴምፕሌቱ ይይዘዋል። በላይቭ ግን የፕሮግራሙ ጠቅላላ ማስተካከያ ስለሆነ በእጅ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የፕለጊን ፍተሻና የዝማኔ ጥያቄ ነው። ብዙ ፕለጊን የጫነ ሰው ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የማይጠቀሙበትን ያውጡ። ዝማኔ በራሱ እንዲፈልግ የሚያደርገውን ምርጫ ደግሞ ሥራ በሚበዛበት ወቅት ያጥፉትና ሥራ ሲቀንስ ራስዎ ይፈልጉ፤ በቀረጻ መሃል ፕሮግራም ማዘመን የጀመረ ሰው አይቼ አዝኜለታለሁ።

## ለማን የትኛው

ገና ለሚጀምርና ገንዘብ ለሌለው፦ ማክ ካለዎት ጋራዥባንድ፣ ዊንዶውስ ከሆነ ከኪቦርድዎ ወይም ከሳውንድ ካርድዎ ጋር የላይቭ ላይት (የኤብልተን ላይቭ ትንሹ ቅጂ) ፈቃድ መጥቶ እንደሆነ ሳጥኑን ይመልከቱ፤ ብዙዎቹ አብረው ይሰጡታል። ስምንት ትራክ ብቻ ይፈቅዳል፣ ለመማር ግን ይበቃል። ማስጀመሪያው ለጥቂት ወራት ባዶ ይሁን።

ትንሽ በጀት ላለው፦ ሪፐር ለ60 ቀን ሙሉ በሙሉ ይሞከራል፤ የግለሰብና የአነስተኛ ንግድ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ከኢትዮጵያ ሆኖ በዶላር መክፈል ራሱን የቻለ ጣጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ውጭ ያለ ዘመድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሁለት ቴምፕሌት ይሥሩ፣ አንዱን መነሻ ያድርጉ፣ ሲፈጠር እንዲቀመጥ የሚጠይቀውን ምርጫ ያብሩ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ከሆነ በየጥቂት ደቂቃው በራሱ የሚያስቀምጠውንም ያብሩ፤ ከአዲስ ፕለጊን በፊት ደግሞ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) ይግዙ።

አንድ ትልቅ ሥራ ይዞ ብቻውን ለሚከርም፦ የመጨረሻው ፕሮጀክት ይስማማዎታል። ሥራው ባለቀ ዕለት ምርጫውን እንዲቀይሩት ስልክዎ ላይ ማስታወሻ ይያዙ፤ እኔ የረሳሁት ያችን ቀን ነው።

ብዙ እጅ ለሚነካው ስቱዲዮ ወይም ለትምህርት ቤት ክፍል፦ የሚጠይቅ መስኮት፣ ከተሰየሙ ቴምፕሌቶች ጋር።

ሰው ለሚቀዳ፦ ቴምፕሌት፣ ሌላ የለም። ምርጫውን ከቀየሩ በኋላ ደግሞ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ ዘግተው ይክፈቱትና ምን ይዞ እንደሚመጣ ይዩ፤ ስፒከሩን ዝቅ አድርገው።